የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሃይብሪድ ተሳቢ ቅዳሜና እሑድን ከቤት ውጭ ማደር

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ናቸው፤ ይኸውም በመኪና እየተጎተተ የሚሄድ፣ ሲቆም ደግሞ ቤተሰብ የሚያሳድር ተሳቢ ይዞ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የዕረፍት ቀናትን ስለማሳለፍ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ጥያቄ ያነሣ በመሆኑና አብዛኛውም ሕይወትን የሚነካ ስለሆነ መልሱ ረዘም ብሏል። የጠያቂዎቹን ስም በፍላጎታቸው መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ወንድሜ ለብዙ ዓመታት ከኖረበት ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲመለስ አንድ አዲስ ሃይብሪድ ተሳቢ አስመጥቶ ነበር፤ እርሱ አዲስ አበባ ስለተቀመጠ ለእኛ ሰጠን። መካከሉ ጠንካራ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ክፍል ሲሆን፣ ከፊትና ከኋላው በሸራ የተሸፈኑ ሁለት አልጋዎች ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ታንከርና ትንሽ መጸዳጃም አለው። ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን እሑድ ማታ ለመመለስ፣ መጀመሪያ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ቀጥሎም ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ለመሄድ አስበናል። የሚጎትተው በናፍጣ የሚሠራው ፒክአፓችን ነው። ጎረቤቶቻችን ግን «ይህን ጎትታችሁ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት አትወጡም፤ ብትወጡም አትወርዱም» እያሉ ያስፈሩናል። ከመነሣታችን በፊት ምን ማዘጋጀት ይኖርብናል? ኤሌክትሪኩንስ እቤት ሰክተን መሞከር እንችላለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጎረቤቶችዎ ስጋት መሠረት አለው፤ መደምደሚያቸው ግን ትክክል አይደለም። ሐረጎን ከባድ መኪኖች ከነተሳቢያቸው በየቀኑ ይወጡታል፣ ይወርዱታል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚደርሰው ጭነት ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። በእነዚያ መኪኖችና በእርስዎ መካከል ያለው ልዩነት የእነርሱ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ያለው መሆኑ፣ ሹፌሮቻቸውም ቁልቁለት እንዴት እንደሚወረድ በሥራ ላይ የተማሩ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ከፍሬን እንጀምር፤ ከዚህ መልስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ቢሆን ይህን እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ የዚህ ዓይነት ተሳቢዎች በአብዛኛው ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ከመሪው አጠገብ የሚገጠም አነስተኛ መቆጣጠሪያ ወደ ተሳቢው ጎማዎች ኤሌክትሪክ ይልክና በውስጣቸው ያለው ማግኔት ፍሬኑን ያስይዘዋል። እኛ አገር የምንነዳቸው ፒክአፖች ይህን መቆጣጠሪያ ይዘው አይመጡም። ገመዱ ስለተሰካና የተሳቢው የኋላ መብራት ስለበራ ፍሬኑም ይሠራል ብሎ ማመን ትልቅ አደጋ አለው፤ መቆጣጠሪያው ካልተገጠመ ተሳቢው ፍሬን አልባ ነው፣ ሙሉ ክብደቱም በፒክአፑ ፍሬን ላይ ያርፋል። መቆጣጠሪያውን በመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ካስገጠሙ በኋላ ከኮምቦልቻ ሳይወጡ ሜዳ በሆነና ሰው በሌለበት መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዱ፣ የፒክአፑን ፔዳል ሳይነኩ የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማንሻ ብቻ ቀስ ብለው ይጫኑት። ተሳቢው ከኋላ ሲይዝዎ በግልጽ ሊሰማዎት ይገባል። ይህ እስካልተሰማዎት ድረስ ወደ ሐረጎ አይዙሩ።

ተሳቢው ከፒክአፑ ቢላቀቅ የሚያስቆመው ሌላ መሣሪያ ደግሞ ከፒክአፑ ጋር በሚያያዘው አንገቱ ላይ አለ። ከዚያ የሚወጣው ቀጭን የሽቦ ገመድ ጫፉ ከፒክአፑ አካል ጋር ይታሰራል፤ ተሳቢው በተላቀቀ ጊዜ ገመዱ አንዲት ፒን ይነቅልና የተሳቢው የራሱ ባትሪ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ያስይዘዋል። ይህ የሚሆነው ባትሪው ቻርጅ ካለው ብቻ ስለሆነ፣ ባዶ ባትሪ ይዞ መንገድ መውጣት ማታ መብራት ከማጣት የከፋ ነገር ነው። ሁለቱን የደኅንነት ሰንሰለቶች በመጎተቻው ሥር አመሳቅለው ይሰሯቸው፤ አንገቱ ከመጎተቻው ኳስ ቢወልቅ አስፋልት ላይ ሳይወድቅ በተመሳቀለው ሰንሰለት ላይ ያርፋል።

ክብደቱን በሚመለከት፣ የዚህ ዓይነት ተሳቢ ባዶውን በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 2,200 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈው ትልቁ የተፈቀደ ክብደት በፓውንድ የተገለጸ ሊሆን ስለሚችል ሳያስተውሉ እንደ ኪሎ እንዳያነቡት፤ 4,400 ፓውንድ 2,000 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህን ቁጥር የፒክአፑ መመሪያ መጽሐፍ ከሚፈቅደው የመጎተት አቅም ጋር ያስተያዩት። መጽሐፉ ፍሬን ላለውና ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል፤ ፍሬን ለሌለው የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ከ750 ኪሎ ግራም አይበልጥም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ 150 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሞልቶ ሐረጎን መውጣት አንድ ኩንታል ተኩል እህል ጭኖ እንደመውጣት ነው። ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነውን በጄሪካን ይያዙ፤ ሌላውን ውሃ ሐይቅ ከተማ ደርሰው ይቅዱ።

ከጠቅላላው ክብደት ያላነሰ ትኩረት የሚሻው የክብደቱ አቀማመጥ ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በአንገቱ በኩል በፒክአፑ መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚህ ካነሰ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምሩ ወይም ከባድ መኪና ሲያልፍዎ ከኋላ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ይህም መወዛወዝ እያደገ ሄዶ ፒክአፑን ሊያዞረው ይችላል። ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ተሳቢውን እንደሚጓዝበት አድርገው ከጫኑ በኋላ ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙት፣ ጎማዎቹን በታኮ ያስይዙ፣ ከዚያም እህል ነጋዴዎች ጆንያ የሚመዝኑበትን የመሬት ሚዛን አንገቱ ሥር አስገብተው በጠንካራ እንጨት ደግፈው አንገቱን ዝቅ ያድርጉበት፤ ሚዛኑ ግን ለሚጠበቀው ክብደት የሚበቃ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ጠቅላላው 2,000 ኪሎ ከሆነ ሚዛኑ ከ200 እስከ 300 ማሳየት አለበት። ካነሰ ከኋላ ያለውን ከባድ ዕቃ ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት ያምጡት። ጄነሬተርንና ሙሉ ጄሪካኖችን ተሳቢው ጀርባ ላይ ማንጠልጠል ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ መወዛወዝን ከሚያመጡ ምክንያቶች አንዱም እርሱ ነው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣሉ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ገና ዳገቱ ሲጀምር ዝቅተኛ ማርሽ ይያዙ፣ ኤር ኮንዲሽነሩን ያጥፉ፣ የሙቀት መለኪያውንም ይከታተሉ፤ ከኋላዎ ረጅም ሰልፍ ከተፈጠረ ሰፊ ቦታ ሲያገኙ ጥግ ይዘው ያሳልፉ። እሑድ ሲመለሱ በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ፍጥነቱን ሞተሩ ይያዝልዎ፤ ፍሬኑን ሁልጊዜ ረግጦ ከመውረድ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነት ካስቀነሱ በኋላ መልቀቅ፣ በመካከሉም ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት ይሻላል። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ የፒክአፑን ፍሬን በድንገት አይርገጡ፤ ነዳጁን ይልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ማንሻው ይያዙ። ሐረጎ ላይ ጭጋግ በወረደ ጊዜ ደግሞ እስኪገልጥ ድረስ አለመነሣት ከሁሉ ይሻላል።

ደሴ ሲደርሱ ወርደው እያንዳንዱን የተሳቢ ጎማ ይዩ። እጅዎን ወደ ጎማው መካከል ያስጠጉ፤ ሳይነኩት ሙቀቱ ይሰማዎታል። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ኩሽኔታው ግሪስ አጥቷል፣ ወይ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም፤ በዚያ ሁኔታ መንገዱን አይቀጥሉ። አዲስ ተሳቢ የጎማ ቡሎኖቹ በመጀመሪያው ጉዞ የመላላት ጠባይ ስላላቸው ከኮምቦልቻ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሐይቅ ሲደርሱ በቁልፍ ይፈትሿቸው፤ እቤት ሲመለሱም ይድገሙት።

አሁን ወደ ማደሩ እንምጣ። ሃይብሪድ ተሳቢን የሚያይ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በጠንካራው ክፍል ላይ ነው፤ በሩ፣ ምድጃውና ቁም ሣጥኑ ይስቡታል። በእኔ አስተያየት ግን በየትኛው ወር እንደሚወጡ፣ የት እንደሚያድሩ፣ እሑድ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ የሚወስነው ሸራው ነው። ጠንካራው ግድግዳ ዝናቡንም ንፋሱንም ይችላል፤ አልጋዎቹ ግን ድንኳን ናቸው፣ የድንኳን ጥንቃቄም ይፈልጋሉ። ወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ ያለው አገር ስለሆነ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜም አስተማማኝ አይደለም። የሚመረጠው ከጥቅምት እስከ ጥር ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ከፍተኛው ቦታ ላይ ውርጭ አለ። ስለዚህ ሐይቅን ማስቀደማችሁ ጥሩ ነው፤ ከደሴ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ሌሊቱ ይለዝባል። ቦሩ ሜዳን ልጆቹ ተሳቢው ውስጥ ማደር ከለመዱ በኋላ ያቆዩት። መስከረም 21 ቀን በሚውለው የግሸን ማርያም በዓል ሰሞን በደሴ መንገዶች ላይ ያለው የተሽከርካሪ ብዛት ተሳቢ ለሚለማመድ ሰው ስለማይመች ያንን ሳምንት ይለፉት። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ አንድ ሌሊት በግቢያችሁ ውስጥ እደሩበት፤ የጎደለው ማንኪያም ይሁን ብርድ ልብስ የሚታወቀው ያኔ ነው። የመንገዱን ሰላምም ከመነሣታችሁ በፊት በቅርብ ቀን ካለፈበት ሰው ጠይቁ፣ ከመምሸቱም በፊት ግቡ።

ቦታው ላይ ሲቆሙ ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉም ሊዛነፍ አይገባም። በመጀመሪያ ዝቅ ባለው በኩል ያለውን ጎማ ጣውላ ላይ አውጥተው ተሳቢውን በግራና በቀኝ ያስተካክሉ፤ ከፒክአፑ ከፈቱት በኋላ ይህን ማድረግ አይቻልም። ቀጥሎ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያስይዙ፣ ከዚያ ይፍቱት፤ ከፊት ባለው ክሪክ በርዝመቱ ያስተካክሉት። በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ድጋፎች የሚያወርዱት ከዚህ በኋላ ነው፤ እነዚህ ድጋፎች መነቅነቅን ለመከላከል እንጂ ተሳቢውን ለማንሣት አልተሠሩም፣ ክብደት ከተጫነባቸው ይጣመማሉ። በመጨረሻ አልጋዎቹን ይዘርጉ። ከሥራቸው የሚገቡት ሁለት ሁለት ዘንጎች ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ ሕፃን እንኳ አልጋው ላይ አይውጣ፤ አልጋው የሚችለው ክብደትም በሰሌዳው ላይ ስለተጻፈ ይታይ። ከአልጋዎቹ በላይ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን ቀና ብለው ይመልከቱ፣ ጠንካራውን ግድግዳም ለንፋስ ይስጡት።

ሌሊቱን ዝናብ ባይዘንብም ሸራው ከውስጥ ረጥቦ ያድራል፤ የአምስት ሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። የሸራ መስኮቶቹን በሁለቱም ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ከፍተው ካደሩ እርጥበቱ በብዙ ይቀንሳል። እሑድ ጠዋት ፀሐይ እስክትጠነክር፣ ቢያንስ እስከ 4 ሰዓት ድረስ፣ አልጋዎቹን ለማጠፍ አትቸኩሉ። ከማጠፍዎ በፊት ሸራው ከጠንካራው ግድግዳ ጋር የተሰፋበትን እጥፋት በእጅዎ ይዳብሱት፤ ሌላው ደርቆ ሳለ እርሱ እርጥብ ይሆናል፣ ሻጋታም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዝናብ አስገድዶ እርጥቡን ካጠፉት ያንኑ ማታ፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ እቤት ዘርግተው ያድርቁት፤ የኮምቦልቻ ሙቀት በዚህ ረገድ ከደሴ ሰው ይልቅ ያግዝዎታል። ሻጋታ ከታየ በለስላሳ ሳሙናና በለብታ ውሃ ይጠቡት። በረኪና ሻጋታውን ቢያነጣውም ስፌቱንና ውሃ የማያስገባውን ቅብ ስለሚበላ አይጠቀሙበት።

ኤሌክትሪኩን እቤት ሰክቶ ስለመሞከር ለጠየቁት መልሴ አይቻልም የሚል ነው። ተሳቢው የተሠራው ለ120 ቮልት ሲሆን የእኛ ቤት 220 ቮልት ነው፤ ሶኬቱን ቀይሮ መሰካት ቻርጀሩንና ማይክሮዌቩን ያቃጥላል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ፤ ነገር ግን የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ፣ የእነርሱ 60 ኸርዝ ስለሆነ እንደ ኤር ኮንዲሽነር ያለ በሞተር የሚሠራ ዕቃ በትራንስፎርመርም ቢሆን ሊሞቅና ሊበላሽ ይችላል። ለቅዳሜና እሑድ ጉዞ ይህ ሁሉ አያስፈልግዎትም። መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑና የጋዝ ጠቋሚው በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠሩ ከገበያ በ220 ቮልት የሚሰካ ጥሩ የ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ገዝተው አርብ ማታ ባትሪውን ይሙሉ። ተራው ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር የሚጠቀሙበት ግማሹን ነው፤ ፍሪጅዎ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ይህን በአንድ ቀንና ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል። ባለ 200 ዋት የፀሐይ ፓነል ቢጨምሩ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ፍሪጁን ያስችልዎታል። ፍሪጁ በጋዝ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ተሳቢው ካልተስተካከለ በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ቀደም ሲል የጠቀስኩት ማስተካከል እዚህም ይሠራል።

የጋዙ ሲሊንደር መግጠሚያም ከእኛ አገር ሲሊንደር ጋር አይገጥምም። ላስቲክ ቱቦ በሽቦ አስሮ ማገናኘት ፈጽሞ አይሞከር፤ ለሲሊንደሩ የሚሆን የግፊት መቀነሻና የጋዝ ቱቦ በባለሙያ ያስገጥሙ፣ መጋጠሚያዎቹንም በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። አረፋው ከፈላ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከታች ያለውን የአየር ማስገቢያ በዕቃ አይዝጉት።

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ ልጆቼ። የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። ልጄና ባሏ እንዲህ ያለ የሸራ አልጋ ያለው ተሳቢ ከጓደኛቸው ተውሰው በኅዳር ወር ቦሩ ሜዳ ሊያድሩ ነው፤ ሁለት የልጅ ልጆቼንም ይወስዳሉ፣ ታናሿ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ብርዱ አስጨንቆኛል። የከሰል ምድጃ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ከጠፋ በኋላ ወደ ውስጥ አስገብተው ቢያድሩ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ልጄ ግን አይሆንም አለችኝ። የማን ሐሳብ ይበልጣል?

መልስ፦ እናታችን፣ ለልጅ ልጆችዎ ያለዎት ሐሳብ ከደብዳቤዎ ሁሉ ይነበባል፤ ስለሆነም በግልጽ እነግርዎታለሁ። ልጅዎ ትክክል ናት። ከሰል በተሳቢ ውስጥ፣ በድንኳን ውስጥም ሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለማሞቂያ አይገባም። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ጭሱ ከጠፋ በኋላ ፍሙ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይሰጣል፤ ይህ አየር በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ የተኛ ሰውም ራሱን ሳይነቃ ይሞታል። ሕፃናት ፈጥነው ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ። በአመድ የተዳፈነ ፍምም ይህንኑ አየር ይሰጣል፤ መስኮት ከፈት ማድረግም በቂ መተማመኛ አይሆንም። የምግብ ማብሰያውን ጋዝ ለማሞቂያ ለኩሶ መተኛትም፣ ጄነሬተርን ከመስኮት አጠገብ ማስነሣትም እንዲሁ የተከለከለ ነው። ተሳቢው ውስጥ ግድግዳ ላይ የተገጠመ የዚህ አየር ጠቋሚ ካለ ከመተኛታቸው በፊት ቁልፉን ተጭነው ሲጮኽ ይስሙት፤ ባትሪው ካለቀ ግን አይጮኽም።

ብርዱን በሌላ መንገድ ማሸነፍ ይቻላል፤ ለዚህም ብርዱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይረዳል። የሸራው አልጋ ከመሬት ከፍ ብሎ ወደ ውጭ የተዘረጋ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ሰው የሚበርደው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ከላይ ከመደራረብ ይልቅ አንዱን ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የስፖንጅ ንጣፍ ከፍራሹ ሥር ማንጠፍ የበለጠ ያሞቃል። ልጆቹ ደግሞ ሸራው ላይ አይተኙ። በጠንካራው ክፍል ውስጥ ያለው የምግብ ጠረጴዛ ዝቅ ሲል አልጋ ይሆናል፤ እርሱ ግድግዳና ወለል ስላለው ሙቀት ይይዛል፣ ትንሿም ብትንከባለል የምትወድቀው አጭር ቦታ ነው። ወላጆቻቸው ጫፎቹን ይያዙ። ውሃ አፍልተው በወፍራም ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው በፎጣ ጠቅልለው ከመኝታ ሩብ ሰዓት በፊት ብርድ ልብሱ ውስጥ ያስገቡት፤ ልጆቹ ሲተኙ ያውጡት። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሽሮውም ምስሩም ከቤት ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ እራቱን ፀሐይ ሳትጠልቅ መጀመር ይበጃል። ቀን የለበሱትን ልብስ ለብሰው አይተኙ፣ ላብ ያረጠበው ልብስ ያበርዳል፤ ደረቅ ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያና ጋቢ ይበቃቸዋል። ታናሿ ጉንፋን ወይም ሳል ካለባት ግን ጉዞው ለሌላ ሳምንት ቢተላለፍ ደስ ይለኛል።

ሐይቅ ወይም ኮምቦልቻ አካባቢ ለማደር ካሰቡ ብርዱ ይቀላል፤ ነገር ግን ከክረምቱ ማግስት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ አለ። የሸራው መረብ ዝንብ ቢከለክልም ዚፑ ጥጉ ላይ ክፍት ስለሚቀር የልጆቹን አጎበር ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። የምኖረው ሐይቅ አጠገብ ነው፤ እርሻዬና የከብቶቼ ግጦሽ ወደ ውሃው ይዘልቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናና ድንኳን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሳይጠይቁ ግጦሹ ላይ ይሰፍራሉ፣ የዕቃ እጣቢያቸውን ውሃው ዳር ያፈሳሉ፣ ላስቲክና ጠርሙስም ጥለው ይሄዳሉ። እንግዳ መከልከል ባህላችን አይደለም። ግን ምን ብንጠይቃቸው ተገቢ ነው?

መልስ፦ ወዐለይኩም ሰላም ወንድማችን። መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም መጠየቅ የነበረባቸው እነርሱ ናቸው። እዚህ ዓምድ ላይ የጻፈልን አንድ ቤተሰብ ወደ እናንተ አካባቢ ለመምጣት እየተዘጋጀ ስለሆነ መልሴ ለእርሱም ነው። ክፍት ሆኖ የሚታየው ሣር ባለቤት አለው፤ ወይ የአንድ ሰው ነው፣ ወይ የመንደሩ የጋራ ግጦሽ ነው። ተሳቢ የሚጎትት ሰው ቦታው ላይ ከመግባቱ በፊት ባለይዞታውን ወይም የቀበሌውን ሰው አግኝቶ መፈቀዱን ማረጋገጥ፣ በቀንና በሌሊት የሚከፍለውንም አስቀድሞ መስማማት አለበት። ሁለት ሺህ ኪሎ ተሳቢ እርጥብ ሣር ላይ ሲዞር የሚተወው ቦይ ለወራት ስለማይጠፋ ዝናብ በዘነበ ማግስት አትግቡ ቢሏቸው በቂ ምክንያት አለዎት። ለሌሊቱ ጥበቃ ከመንደሩ ወጣቶች አንዱን መቅጠር፣ እንቁላሉንና አሣውን ከእናንተው መግዛት ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነው፤ ማገዶ ግን ከቆመ ዛፍ አይቆረጥም።

እጣቢውን በሚመለከት እኔ የማያወላዳ አቋም አለኝ። ሐይቁ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣውም ሆነ ዳር ላይ የሚፈሰው ሁሉ እዚያው ይቀራል። የሳሙና ውሃ ከባሕሩ ዳር ቢያንስ 70 እርምጃ ርቆ፣ የምግብ ፍርፋሪው በማጣሪያ ተለይቶ፣ ደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ ይፍሰስ። ማንም ሰው ሳህን ይዞ ወደ ውሃው አይውረድ። ቆሻሻው በመጣበት ተሳቢ ተጭኖ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ይመለስ። እሑድ ማለዳ ደግሞ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገዳማዊ ሥርዓት ያጸኑበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከፊት ለፊት ስለሆነ፣ በመንደሩም መስጊድ ስላለ፣ የመኪና ሙዚቃ ከፍቶ ማደር ተገቢ እንዳልሆነ በትሕትና ቢነግሯቸው ይገባቸዋል። ገዳሙን ለመጎብኘት የሚመጡ ቤተሰቦችም ሴቶች ወደ ውስጥ እንደማይገቡ አስቀድመው ይወቁ።

የተሳቢው መጸዳጃ ታንከር ግን ለብቻው መነሣት አለበት። ይህ ታንከር ሲሞላ የሚለቀቅበት ቦታ በአካባቢያችን ስላልተዘጋጀ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ወይም ቦይ ውስጥ መልቀቅ ደግሞ የእናንተን የመጠጥና የከብት ውሃ ስለሚበክል፣ እንግዶቹ በመንደሩ ያለን መጸዳጃ ከፍለው ቢጠቀሙ፣ የራሳቸውን ለሌሊት ለልጆች ብቻ ቢያቆዩት ይሻላል። በታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ይዘውት ተመልሰው ከተማ ውስጥ ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ጠርተው ያስወጡት።